ዞን የሚባል ነገር በሕገ መንግሥቱ ውስጥ የለም

የክልልነት ጥያቄ በተነሳ ቁጥር ከአንድ ወገን የሚሰማው ቃል የታወቀ ነው፦ "አገሪቱ ተሸነሸነች፣ ክልል በዛ፣ ነገ ደግሞ ማን ሊጠይቅ ነው?" ከጠያቂዎቹ በኩል የሚመጣውም የታወቀ ነው፦ "ክልል ካልሆንን ሰው አልሆንም።" በዚህ ክርክር ዓመታት አልቀዋል፣ ሰውም ሞቷል። ሁለቱም ወገኖች ግን አንድ ጥያቄ ይዘላሉ። አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ ሁለት ሚሊዮን ሕዝብ የሚኖርበት፣ የራሱ ከተማ፣ የራሱ ጽሕፈት ቤትና የራሱ አስተዳዳሪ ያለው ዞን ውስጥ ያለ ሰው "ዞኑ ይበቃኛል" የማይለው ለምንድን ነው? ዞኑ ምን ጎደለው?

የጎደለው ሕጋዊ ሰውነት ነው። ዞን የሚባል ነገር በፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ውስጥ የለም።

ይህ ማጋነን አይደለም። 106ቱን አንቀጾች ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይቻላል። ለጉዳዩ የሚቀርበው አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ነው። እሱም የሚለው፣ ክልሎች በክልል ደረጃና በሚያስፈልጓቸው ሌሎች የአስተዳደር እርከኖች ይዋቀራሉ፤ ሕዝቡ በቀጥታ እንዲሳተፍም ለዝቅተኛዎቹ እርከኖች በቂ ሥልጣን ይሰጣል ነው። በቃ። የትኛው እርከን "እንደሚያስፈልግ" የሚወስነው ክልሉ ነው። "በቂ" የሚባለው ሥልጣን ምን ያህል እንደሆነ የሚለካውም ክልሉ ነው። ሰጪውም፣ ሰፋሪውም፣ ተቆጣጣሪውም አንድ አካል ነው ማለት ነው። ክልል ከፌዴራል መንግሥቱ የሚጠበቅበት ግድግዳ አለው፤ ዞን ከክልሉ የሚጠበቅበት ምንም ነገር የለውም።

ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማየት የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራን ማስታወስ ይበቃል። በዚያ ቆጠራ የሐረሪ ክልል ነዋሪ 183 ሺህ ገደማ ነበር። ወላይታ ዞን አንድ ሚሊዮን ተኩል፣ ምሥራቅ ጎጃም ከሁለት ሚሊዮን መቶ ሺህ በላይ፣ ጅማ ዞን ደግሞ ሁለት ሚሊዮን ተኩል ሊሞላ ምንም ያህል አልቀረውም። ሐረሪ የራሱ ሕገ መንግሥት፣ የራሱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት፣ በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ላይ የሚቆጠር የራሱ ድምፅ አለው። የሐረሪ ሕዝብ ይህን ማግኘቱ ለማንም ቅር ሊያሰኝ አይገባም፤ ታሪክም ሕግም ደግፎታል። የሚያስገርመው ሌላው ነው። ሁለት ሚሊዮን ተኩል የሚሆነው የጅማ ዞን ሕዝብ የመረጠው የዞን ምክር ቤት እንኳ የለውም። የምሥራቅ ጎጃምም እንዲሁ። ዋና አስተዳዳሪያቸው ከክልሉ መንግሥት ተሹሞ ይመጣል፣ በክልሉ መንግሥት ተነስቶ ይሄዳል። ሕዝቡ ዜናውን የሚሰማው ከፌስቡክ ገጽ ላይ ነው።

ብዙ ሰው የማያስተውለው ደግሞ "ዞን" የሚለው ስም ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ ላይ መጠቅለሉ ነው። አንደኛው ዓይነት ዞን ምክር ቤት ያለው ነው። በቀድሞው የደቡብ ክልል ዞኖች የተመረጠ ምክር ቤት ነበራቸው። በአማራ ክልል አዊ፣ ዋግ ኽምራና ከሚሴን መቀመጫው ያደረገው የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን በክልሉ ሕገ መንግሥት የብሔረሰብ ምክር ቤት ተሰጥቷቸዋል። ሁለተኛው ዓይነት ዞን የክልሉ ቅርንጫፍ መሥሪያ ቤት ነው። የኦሮሚያ ዞኖች ሁሉ፣ የአማራ ክልል ሌሎቹ ዞኖች እዚህ ውስጥ ናቸው። ስለዚህ በአንድ ክልል ውስጥ ሆኖ የእንጅባራ ነዋሪ ዞኑን የሚመራ ምክር ቤት በሕግ አለው፤ መንገዱን ይዞ ጥቂት ሰዓት ቢጓዝ የሚያገኘው የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ግን የለውም። ልዩነቱ ከየት መጣ? አንደኛው የተለየ ብሔረሰብ ስለሆነ፣ ሌላኛው ደግሞ የክልሉ ስም ባለቤት ከሆነው ሕዝብ ስለሆነ ብቻ ነው። ክልሉ በስምህ ከተጠራ ዞንህ ምክር ቤት አያስፈልገውም ማለት ነው። ይህን ስሌት ለሕዝብ ደፍሮ ያስረዳ ባለሥልጣን እስከ ዛሬ አልታየም።

ምክር ቤት የሌለው ዞን ምን እንደሚደርስበት የነገሌ ቦረና ጉዳይ በደንብ ያሳያል። በየካቲት 2015 ጨፌ ኦሮሚያ ምሥራቅ ቦረና የሚባል አዲስ ዞን አቋቋመ። የጉጂ ዞን መቀመጫ የነበረችው ነገሌ የአዲሱ ዞን ዋና ከተማ ሆነች። አንድ ዞን ዋና ከተማውን በአንድ ስብሰባ አጣ። በጉጂ ተቃውሞ ተነሳ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ሰው ተጎዳ። ቦረናም የራሱ ጥያቄ ነበረው፣ ጉጂም የራሱ ቅሬታ፤ ማን ትክክል እንደነበር መፍረድ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳዩ ሌላ ነው፦ ሕዝበ ውሳኔ አልተደረገም፤ ድምፅ የሚሰጥ የዞን ምክር ቤትም አልነበረም፤ ይግባኝ የሚባልበት የፌዴራል አንቀጽም የለም። ሁለት ክልሎች በወሰን ቢጣሉ አንቀጽ 48 አለ፤ ካልተስማሙ የፌዴሬሽን ምክር ቤት የሕዝብ አሰፋፈርንና የሕዝብን ፍላጎት መሠረት አድርጎ በሁለት ዓመት ውስጥ ይወስናል። ሁለት ዞኖች ቢጣሉስ? ለዚያ የተጻፈ ነገር የለም። የክልሉ ምክር ቤት እጅ ያወጣል፣ ነገሩ ያበቃል።

"ምክር ቤት ቢኖራቸው ይድኑ ነበር" ለሚል ደግሞ ጉራጌ አለ።

የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በ2011 በአንቀጽ 47 መሠረት የክልልነት ጥያቄ አጽድቆ አቀረበ። ሕገ መንግሥቱ በአንድ ዓመት ሕዝበ ውሳኔ ይደራጅ ይላል። አልተደራጀም። ከዚያ ክላስተር የሚባል ሐሳብ መጣ። በ2014 የደቡብ ዞኖች ምክር ቤቶች ተራ በተራ ተሰብስበው ክላስተሩን ሲያጸድቁ የጉራጌ ዞን ምክር ቤት በአብላጫ ድምፅ ውድቅ አደረገው። በዚያ ሰሞን ከተሰበሰቡት ሁሉ "አይሆንም" ያለው እሱ ነበር። ውጤቱስ? በነሐሴ 2015 ዞኑ አልፈልግም ባለው ክልል ውስጥ፣ ማዕከላዊ ኢትዮጵያ በሚባለው፣ ተካተተ። በዚያው ሰሞን ዞኑ ራሱ ተከፈለ፦ ቡታጅራን መቀመጫው ያደረገ ምሥራቅ ጉራጌ ዞን ተቋቋመ፣ ቀቤናና ማረቆ ልዩ ወረዳ ሆኑ። በቡታጅራ ዙሪያ የራስ ዞን ጥያቄ የቆየ እንደሆነ የማይካድ ነው፤ የቀቤናና የማረቆም እንዲሁ። ጥያቄያቸው እውነተኛ መሆኑ ግን የአሠራሩን ነውር አይሸፍነውም። የተመረጠ የዞን ምክር ቤት "አይሆንም" ብሎ ድምፅ ሰጠ፤ አንድ ዓመት ገደማ ቆይቶ ዞኑ በላይኛው ምክር ቤት ውሳኔ ሌላ ቅርጽ ያዘ። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል። የዞን ምክር ቤትም ዞኑን ከክልል አላስጣለም።

ማዕከላዊ ኢትዮጵያ የተባለው ክልል ደግሞ ለራሱ ሕዝበ ውሳኔ ሳይደረግለት የተወለደ ነው። ሲዳማ ሄደ፣ ደቡብ ምዕራብ ሄደ፣ ደቡብ ኢትዮጵያ ሄደ፤ የቀረው "ነባሩ ክልል" ተባለና ስም ወጣለት። ሃዲያ፣ ከምባታ፣ ስልጤ፣ ሀላባ፣ ጉራጌ፣ የም፦ እነዚህ ሁሉ አንድ ክልል የሆኑት በመምረጥ ሳይሆን በመቅረት ነው። ሂሳብ ሲወራረድ እንደሚተርፍ ሽርፍራፊ። የፌዴሬሽኑ አባል የሚሆን መንግሥት እንዲህ የሚመሠረት ከሆነ "የሕዝቦች ፈቃድ" የሚለው የመግቢያው ቃል ምን ያደርጋል?

እዚህ ላይ "ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 47(2) ማንኛውም ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ በማንኛውም ጊዜ የራሱን ክልል የማቋቋም መብት ሰጥቶ የለም ወይ?" የሚሉ አሉ። ሰጥቷል። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ። መብቱ እንዴት እንደሠራ ከሲዳማ ጀምሮ ማየት ነው።

የሲዳማ ዞን ምክር ቤት ጥያቄውን ያጸደቀው በሐምሌ 2010 ነው። አንድ ዓመቱ ሐምሌ 11 ቀን 2011 ሞላ፤ ወጣቶቹ "11/11/11" ያሉት ቀን። ሕዝበ ውሳኔ አልተዘጋጀም። ሲዳማ በብጥብጥ ታመሰ፣ ብዙ ሰው ሞተ፣ ንብረት ተቃጠለ። ሕዝበ ውሳኔው ኅዳር 10 ቀን 2012 ሲደረግ 98.5 በመቶ ክልልነትን ደገፈ። ሕጉ ያስቀመጠው ጊዜ ቢከበር ኖሮ ያ ሁሉ ሰው ባልሞተ ነበር። የወላይታ የባሰ ነው። የዞኑ ምክር ቤት በታኅሣሥ 2011 ጠየቀ፤ አንድ ዓመት አለፈ፤ ሁለተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል፣ ነሐሴ 2012 ላይ፣ የዞኑ አመራሮችና የአገር ሽማግሌዎች ተሰብስበው ሳለ ታሰሩ፤ በተቀሰቀሰው ተቃውሞ ከአሥር በላይ ሰዎች ሞቱ። ከዚያ ወላይታ በየትኛው ሕዝበ ውሳኔ ላይ ነው የቆመው? ራሱን የቻለ ክልል ይሁን አይሁን የሚል ወረቀት አልቀረበለትም። በጥር 29 ቀን 2015 ከሌሎች አምስት ዞኖችና አምስት ልዩ ወረዳዎች ጋር በጋራ ክልል መሆን ትፈልጋለህ ወይ ተባለ። የወላይታው ውጤት በምርጫ ቦርድ ተሰርዞ በሰኔ 12 ቀን እንደገና ተደረገ። የጠየቀው ሌላ፣ የተጠየቀው ሌላ።

ስለዚህ አንቀጽ 47 እንደ መብት ሳይሆን እንደ ፈቃድ ሠርቷል። ፈቃዱን የሚሰጠው ደግሞ ፓርቲው ነው። ይህ ሊሆን የቻለው ጠያቂው አካል፣ ማለትም ዞኑ፣ በፌዴራሉ ሕግ ፊት ሰውነት ስለሌለው ነው። ጥያቄውን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ የቆለፈበትን የክልል ምክር ቤት ዞን የት ይከሰዋል? በማን ስም?

እነዚያ ድምፅ የሰጡ የዞን ምክር ቤቶች መቼ እንደተመረጡም መነሳት አለበት። የአካባቢ ምርጫ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ነበር፤ ዋና ዋና ተቃዋሚዎች አልገቡበትም፣ ገዢው ግንባር መቀመጫውን ከሞላ ጎደል ጠቅልሎ ወሰደ። በ2010 መካሄድ የነበረበት ተራዘመ። በ2013 አገር አቀፍ ምርጫ ሲደረግም የአካባቢው አብሮ አልተደረገም። እንግዲህ በ2011 ክልልነትን የጠየቁትም፣ በ2014 ክላስተርን ያጸደቁትም፣ ውድቅ ያደረጉትም በ2005 ለአምስት ዓመት የተመረጡ ሰዎች ናቸው። አንድ ሕፃን ተወልዶ አራተኛ ክፍል እስኪገባ ድረስ ዞኑ አልመረጠም። ክልሎች ሲወለዱ፣ ሲከፈሉ፣ ሲዋሃዱ አዋላጁ የሥራ ዘመኑ ያለፈበት ምክር ቤት ነበር። ስለ ፌዴራሊዝም በየአዳራሹ የሚደረጉት ጉባኤዎች ይህቺን ነገር ለምን እንደሚዘሏት ግልጽ አይደለም፤ ወይም በጣም ግልጽ ነው።

ዞን ሰውነት ማጣቱ ከዚህም የከፋ ነገር ያስከትላል። የአስተዳደር ጥያቄ ሁሉ የማንነት ጥያቄ እንዲሆን ያስገድዳል። ሕጉ ለብሔረሰብ እንጂ ለአካባቢ መብት ካልሰጠ፣ መንገድ የራቀው፣ ፍርድ ቤት የራቀው፣ በጀት ያነሰው ሕዝብ ምን ያደርጋል? "ሩቅ ነን" ቢል የሚሰማው የለም። "የተለየን ነን" ካለ ግን ፋይል ይከፈትለታል። ስልጤ ከጉራጌ ዞን የወጣው በ1993 በሕዝበ ውሳኔ ነው፤ የተጠየቀው ጥያቄም ስለ አስተዳደር ሳይሆን "ጉራጌ ነህ ወይስ አይደለህም?" የሚል ነበር። የስልጤ ሕዝብ የራሱ ማንነት እንዳለው አያከራክርም። ነገር ግን ዞን ለማግኘት ማንነትን በድምፅ መስጫ ሣጥን ማስመስከር ግዴታ የሆነበት አገር ልዩነትን ያመርታል፤ ተቃራኒውን ሊጠብቅ አይችልም። በአንጻሩ የተለያዩ ሕዝቦችን በአንድ ዞን ጠቅልሎ አንድ ለማድረግ ሲሞከርም ታይቷል፤ ሰሜን ኦሞ ዞን "ወጋጎዳ" በተባለው የተቀላቀለ ቋንቋ መማሪያ ምክንያት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ተቃጥሎ በ1993 ተከፋፈለ። ሁለቱም ከላይ የተደረጉ ናቸው።

ሁሉም አልፎ ክልሉ ሲገኝስ? ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም የሚለው እዚህ ይመጣል። ጌዴኦን እንውሰድ። ጌዴኦ በሰሜን ሲዳማን፣ በምሥራቅ፣ በደቡብና በምዕራብ ኦሮሚያን ይዋሰናል። ሲዳማ ክልል ሲሆን ጌዴኦ ከቀሪው ደቡብ ጋር የሚያገናኘው መሬት ተቆረጠ። ዛሬ ጌዴኦ የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል አካል ነው፤ ከዲላ ተነስቶ ክልሉ ወደሚመራበት ወላይታ ሶዶ የሚሄድ ሰው ግን ሌላ ክልል ሳያቋርጥ አይደርስም። ቀድሞ የክልሉ ከተማ ሐዋሳ ነበረች፤ ከዲላ ብዙም የማትርቅ። አሁን ባለጉዳዩ ሐዋሳን አልፎ ይሄዳል። ክልሎቹ ይህን ችግር ለማለዘብ መሥሪያ ቤቶችን በየከተማው በተኑ፤ በደቡብ ምዕራብ አስተዳደሩ ቦንጋ፣ ምክር ቤቱ ተርጫ፣ ፍርድ ቤቱ ሚዛን አማን። ይህ ብልሃት የሚመስለው ለካርታ ሠሪ ነው። ለአንድ የመሬት ክስ ሦስት ከተማ የሚዞረው ገበሬ ሌላ ስም ያወጣለታል። መሥሪያ ቤቱን ከመበተን ሥልጣኑን ለዞኑ መስጠት ይቀል ነበር።

አዲሱ ክልል ራሱም ወዲያው ዞን ማባዛት ጀመረ። በደቡብ ኢትዮጵያ ልዩ ወረዳ የነበሩት ቡርጂ፣ ኮሬ፣ ደራሼ፣ አሌና ባስኬቶ ዞን ሆኑ፤ ከደቡብ ኦሞ አሪ ወጣ፤ ስድስት የነበሩት ዞኖች 12 ሆኑ። ዞኖቹ ሲበዙ የተጨመረላቸው ጽሕፈት ቤት፣ ማኅተምና መኪና እንጂ በፌዴራል ሕግ የቆመ ሥልጣን አይደለም። ክልሉ የሰጠውን ክልሉ ነገ መውሰድ ይችላል።

በሌላ በኩል "ይህ ሁሉ ጣጣ የመጣው በብሔር ፌዴራሊዝም ነው፤ ክፍለ ሀገር ይመለስ" የሚሉ አሉ። ቁጥራቸው ጥቂት አይደለም፤ በዚህ ዓይነት ቻናሎች አስተያየት ሣጥን ውስጥም በርከት ይላሉ። ለእነዚህ ሰዎች አንድ ነገር ማስታወስ ያስፈልጋል፦ የሚናፍቁት ክፍለ ሀገር ከዛሬው ዞን የተሻለ ሕገ መንግሥታዊ ቦታ ኖሮት አያውቅም። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛቱን የሚገዛው ከአዲስ አበባ የተሾመ እንደራሴ ነበር። በ1958 ለአውራጃዎች የራስ አስተዳደር ለመስጠት የወጣው ትእዛዝ ፓርላማው አልቀበለው ብሎ ወረቀት ላይ ቀረ። ደርግ በ1980 ኢሕዲሪን ሲያውጅ አምስት ራስ ገዝና 24 አስተዳደር አካባቢዎችን ዘረጋ፤ አገሪቱ ግን አሃዳዊ እንደሆነች በሕጉ ላይ ጻፈ። ጎጃምና ሲዳሞ፣ ከፋና ባሌ ስማቸው ትልቅ ነበር፤ አስተዳዳሪያቸውን መርጠው ግን አያውቁም። የአሁኑን ዞን ስም "ክፍለ ሀገር" ብሎ መቀየር ናፍቆትን ያስታግስ ይሆናል እንጂ ከላይ የሚሾመውን አስተዳዳሪ አያስቀረውም።

ብርቱ ተቃውሞ የሚመጣው ከሌላ ወገን ነው፤ ከእውነተኛ ፌዴራሊስቶች። "ክልል ሉዓላዊ ሥልጣን ያለው የፌዴሬሽኑ አባል ነው፤ ውስጡን እንዴት እንደሚያዋቅር የፌዴራል ሕገ መንግሥት ሊያዝዘው አይገባም። ዞንን በፌዴራል ሕግ መጠበቅ ማለት ለአዲስ አበባ የክልሎችን ቤት የምትገባበት የጓሮ በር መክፈት ነው።" ይህ ሊናቅ የማይገባ ሥጋት ነው። ፌዴራል መንግሥቱ አንድን ዞን በክልሉ ላይ እያነሳሳ ክልሉን ማዳከም እንደሚችል መገመት ከባድ አይደለም።

ግን ሁለት መልስ አለው። አንደኛው፣ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ክልሎችን አስቀድሞም ያዝዛል። ሦስት ደረጃ ፍርድ ቤት ይኑራችሁ ይላል። ለዝቅተኛ እርከኖች በቂ ሥልጣን ስጡ ይላል። ትእዛዙ አለ፤ የሌለው አስፈጻሚው ነው። ሁለተኛው፣ ሌሎች ፌዴሬሽኖች ይህን መንገድ ሄደውበታል። ሕንድ በ73ኛውና በ74ኛው ማሻሻያ፣ ከእ.ኤ.አ. 1993 ጀምሮ፣ ለመንደር፣ ለወረዳና ለአውራጃ ምክር ቤቶች እንዲሁም ለከተሞች በሕገ መንግሥቱ ውስጥ ቦታ ሰጠች። የእነዚህ ምክር ቤቶች ዘመን አምስት ዓመት ነው፤ አንዱ ከተበተነ በስድስት ወር ውስጥ ምርጫ ይደረጋል። "አራዝመነዋል" የሚባል ነገር የለም። የየግዛቱ መንግሥት በየአምስት ዓመቱ የገንዘብ ኮሚሽን አቋቁሞ ለእነዚህ አካላት የሚደርሳቸውን ያስጠናል። አፈጻጸሙ በየግዛቱ ይለያያል፤ ሕንድ ግን በዚህ ምክንያት ግዛቶቿ አልፈረሱም።

የናይጄሪያ ነገር ደግሞ ማስጠንቀቂያም ነው። የ1999ኙ ሕገ መንግሥቷ 774 የአካባቢ መንግሥታትን በስም ዘርዝሯል፤ በሕዝብ የተመረጠ የአካባቢ ምክር ቤትም ዋስትና ሰጥቷል። ስም በስም መጻፍ ግን አልበቃም። ገንዘቡ ከግዛቱ መንግሥት ጋር በጋራ ሒሳብ ስለሚገባ አገረ ገዢዎች ያዙት፤ ምርጫ በማካሄድ ፈንታ ጊዜያዊ ኮሚቴ እየሾሙ ዓመታት አሳለፉ። የናይጄሪያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይህን ለማስቆም የወሰነው እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2024 ነው፦ የአካባቢ መንግሥታቱ ድርሻ በቀጥታ ይሰጣቸው፣ ባልተመረጠ ኮሚቴ የሚመራ አካባቢም ሕገ ወጥ ነው አለ። ዞንን በሕገ መንግሥት ውስጥ የሚያስገባ ሰው ምርጫውንና ገንዘቡን አብሮ ካላስገባ ምን እንደሚገጥመው ከዚህ ይማራል።

በኢትዮጵያ የፌዴራል ድጎማ የሚከፋፈለው የፌዴሬሽን ምክር ቤት በሚያወጣው ቀመር ነው፤ ገንዘቡ ለክልል ይደርሳል። ከ1990ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ትልልቆቹ ክልሎች ለወረዳ ጥቅል በጀት መስጠት ጀመሩ። ይህ በጎ እርምጃ ነበር። ዞኑ ግን በመሃል ቀረ፤ ከታች ወረዳው በጀቱን ይዟል፣ ከላይ ክልሉ ቀመሩን ይዟል። ዞኑ ደብዳቤ ያስተላልፋል። ክልል ከተሆነ ግን ቀመሩ ውስጥ በቀጥታ ይገባል፤ "ክልል ካልሆንን" የሚለው ጩኸት ግማሹ ምክንያት ይህ ነው። ጩኸቱን የሚንቁ ሰዎች ዞን ሆኖ መቅረት በብር ሲተመን ስንት እንደሚያሳጣ አስበውት አያውቁም።

ስለዚህ የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። አንቀጽ 50(4) "በቂ ሥልጣን" ብሎ የተወውን በቃል ይሙላው፦ ወረዳን ከክልል የሚያገናኝ እርከን ካለ፣ ስሙ ዞንም ይሁን ሌላ፣ ሕዝብ በቀጥታ የመረጠው ምክር ቤት ይኑረው፤ የብሔረሰብ ዞን ይሁን አይሁን። ጅማም፣ ምሥራቅ ጎጃምም፣ ጉጂም፣ አዊም እኩል። ዋና አስተዳዳሪው ለዚያ ምክር ቤት ተጠሪ ይሁን። ወሰኑና ዋና ከተማው ያለ ምክር ቤቱ ስምምነት፣ ስምምነት ከሌለ ያለ ነዋሪዎቹ ድምፅ አይነካ። ከክልሉ በጀት የሚደርሰው ድርሻ በታወቀ ቀመር ይሁን። በአንቀጽ 47 መሠረት ያቀረበው ጥያቄ ዓመት ካለፈው ደግሞ ሕዝበ ውሳኔውን ምርጫ ቦርድ ያለማንም ፈቃድ ያደራጅ። ይህ ሲሆን ክልልነትን የሚጠይቅ ቁጥሩ ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም፤ ዞኑ ውስጥ የሚፈልገውን ካገኘ ክልል ለመሆን የሚሞትበት ምክንያት ያንሳል። አሁንም መጠየቅ የሚፈልግ ካለ ይጠይቅ፤ መብቱ ነው።

መንገዱስ? ይህ ማሻሻያ የሦስተኛውን ምዕራፍ መብቶች ስለማይነካ በአንቀጽ 105(2) ያልፋል፦ ሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ፣ እንዲሁም ከክልል ምክር ቤቶች ሁለት ሦስተኛው በአብላጫ ድምፅ ሲያጸድቁት። ዛሬ ክልሎቹ 12 ናቸው፤ ስለዚህ ስምንት ያስፈልጋሉ። ችግሩም እዚህ ነው። ድምፅ የሚሰጡት ሥልጣናቸው የሚቀነስባቸው ራሳቸው የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። ከተጋበዙት ሁሉ ለዚህ ግብዣ የመጨረሻዎቹ እንደሚሆኑ መናገር ነቢይ መሆን አይጠይቅም።

ግን የሚጠብቁት ምክንያት የለም። እያንዳንዱ ክልል የራሱን ሕገ መንግሥት ማንንም ሳያስፈቅድ ማሻሻል ይችላል። ጨፌ ኦሮሚያ ነገ ተሰብስቦ ለዞኖቹ የተመረጠ ምክር ቤት ቢያቋቁም የሚከለክለው የፌዴራል አንቀጽ የለም። የአማራ ክልል ምክር ቤት ለአዊ የሰጠውን ለጎጃምና ለወሎ ዞኖች ቢሰጥ የሚቆጣ የለም። ሦስቱ አዲሶቹ የደቡብ ክልሎች ደግሞ ዞኖቻቸው የድሮው ክልል ያደረሰባቸውን ስለሚያውቁ ቀዳሚ ሊሆኑ ይገባ ነበር። የምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ ከየወረዳው የመጣው ሰው ስለ አንቀጽ 39 ይጠየቃል፣ ስለ ባንዲራ ይጠየቃል፤ ዋና አስተዳዳሪህን ማን ይምረጠው ተብሎ ግን ይጠየቅ። የነገሌ ነዋሪ፣ የወልቂጤ ነዋሪ፣ የደብረ ማርቆስ ነዋሪ በሌላው ነገር ሁሉ ቢለያዩ በዚህች ጥያቄ ላይ የሚሰጡት መልስ ብዙ የሚራራቅ አይመስልም።